ቆዳዋን ሳላይ ሞተች አልልም

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። የምወድህ ወንድሜ በድረዲን፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህን ተሻለህ? ባለቤትህና ልጅህ ደህና ናቸው? የጅዳ ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም አንተ እንደምትለው አይደለም።

እንግዲህ ሳትቆጣ አንብብ። ደጋ ወጥቻለሁ። በስልክ «ላሟ ሞታለች ተብሏል፣ ተይው፣ በዚህ ዕድሜሽ ደጋ ለደጋ አትንከራተቺ» ስትለኝ ዝም ያልኩት እሺ ብዬ እንዳይመስልህ። እማ፣ አላህ ይርሐማት፣ ላማችንን ቦራን ደጋ ላለው ለአያሌው ለርቢ የሰጠችው እሱ ሊጠብቅ፣ ጥጃውን ልንካፈል ነው። ከብቷ ብትሞት ደግሞ ጠባቂው ቆዳዋን ለባለቤቱ ያሳያል። አያሌው ግን ቆቦ ገበያ ድረስ ወሬ ላከ እንጂ ቆዳ አልላከም።

እስከ ሙጃ በመኪና ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ከገበያ ተመላሾች ጋር ሸለቆውን ይዘን በእግር። በላስቲክ ጫማና በስስ ነጠላ መውጣቴ ጥፋቴ ነው፤ እኛ የቆላ ሰዎች ፀሐይ ያለበት ሁሉ የሚሞቅ ይመስለናል። መንገድ ላይ ካደርንበት ቤት ጠዋት ስወጣ ሣሩ ነጭ ሆኖ አፋሮች ጨው የደፉበት መሰለኝ። ለካ ውርጭ ነው። ስረግጠው የእግሬ ጣቶች የሌሉ ያህል ደነዘዙ። ሰዎቹ «እቴ፣ ቆላሽ ይሻልሻል፣ ተመለሽ» እያሉ ሳቁብኝ። «ላሜን ሳላይማ አልመለስም» አልኳቸው።

አያሌው ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። «ጀዊሪያ፣ በደህና ነው?» አለ። ቆዳዋን አምጣ አልኩት። «ውሻ በላው» አለኝ። ወዲያው ከጓሮ ላም ስትጮህ ሰማሁ። ሄጄ አየኋት፤ ግንባሯ ነጭ፣ ግራ ጆሮዋ እማ ምልክት ያደረገችበት፣ ከጎኗም ጊደር ቆማለች። «ይቺ ሌላ ናት» ማለት ሲጀምር ሚስቱ አበበች «ተው አንተ፣ ልጆችህ ያደጉት በማን ወተት ነው?» አለችው። ያኔ ቁጭ አለ። «የቆላ ሰው ይህን ዳገት አይወጣም ብዬ ነው» አለኝ። «ይኸው ወጣ» አልኩት።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ላሟን ይዘሽ ውረጂ ያሉኝ ነበሩ፤ ቦራ ግን ደጋ የለመደች ናት፣ የኛን ሙቀት አትችልም፣ የአበበች ትንንሾችም ከወተቷ ሌላ የላቸውም። ስለዚህ ርቢውን ከአያሌው ወስጄ ለአበበች በስሟ ሰጠሁ። እሱ «በሚስቴ ስም?» ብሎ ሲያጉረመርም ሽማግሌዎቹ ዝም በል አሉት። የበፊቱን ጥጃ እሱ ስለወሰደ ጊደሯ የኛ ድርሻ ሆነች፤ እሷ ገና ልጅ ናት፣ ሙቀቱን ትለምዳለች ብዬ እየነዳሁ ወረድኩ።

አሁን ደጄ ላይ ታስራ የማሽላ አገዳ ትበላለች። ይህን ስታነብ ደውለህ «ሽጫት» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እማ ግን ስም የወጣለት ከብት ሸጣ አታውቅም።

ባለቤትህን ኡሙሃኒን ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ያገር ልጆች ካገኘህም ሰላም በልልኝ። ልጅህን ዒምራንን ዓይኑን ሳምልኝና ለጊደሯ ስም ያውጣላት። ካወጣላት በኋላ የመሸጥ ነገር ከአፍህ እንዳይወጣ።

እህትህ ጀዊሪያ
ቆቦ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም.