መሬት የሌለው ማይክሮፎን

ነሐሴ 26 ቀን 1978

ዝናብ። ፋብሪካ ዋልሁ። አንድ ሞተር ተቃጥሎ ነበር፣ ጠገንሁት። ማታ ሽሮ በላሁ መሰለኝ።

የብርጓል ጥቁሯን እንደለበሰች ጥግ ይዛ ዋለች። ባለቤቴ ከሰኔ ወዲህ እንደዚሁ ናት... የልጃችን የአዘዘ ጓደኛ ከግንባር በክራንች መጥቶ "ወድቋል" ካለን ጀምሮ። የት ተቀበረ? አላወቀም። "እዚያው ቀረ" አለ። እሷ ታለቅሳለች። እኔ ምንም። እንባዬ የት እንደገባ እንጃ።

ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል የመድረኩን ኤሌክትሪክ ፈትሽ ተባልሁ። እሺ አልሁ።

ነሐሴ 29

በዓሉ የሚደረግበት ሐይቁ ዳር ሄጄ አየሁ። ዘፋኞቹ የሚቆሙት ከክብር እንግዶቹ ሰገነት ሥር፣ እርጥብ ሣር ላይ። የድምፅ ማጉያው አሮጌ ነው። የሶኬቱን ሦስተኛ እግር፣ የመሬቱን፣ አንዱ ጉድ በፒንሳ ቆርጦታል። "አልገባ ብሎን ነው" አሉኝ። ማይክሮፎኑን በቴስተር ነካ ባደርገው የቴስተሩ መብራት ቦግ!

ዘፋኟ እናትዓለም ናት። ልጄ። የቀረችኝ እሷ።

"ሲነዝርሽ ምነው አልነገርሽኝም?"

"ትንሽ ነው እኮ አባየ። የላስቲክ ጫማ ሳደርግ ይተወኛል።"

"ለበዓሉስ?"

"ለበዓሉማ የገበሬ ጭፈራ ነው፤ በባዶ እግር ነን።"

ኤሌክትሪክ የሚያፈስ ማጉያ መሬት ካጣ፣ ማለት ፍሳሹን ወደ አፈር የሚያወርድ ሽቦ ካጣ፣ ዘፋኙን መሬት ያደርገዋል። ይኸን እንዴት ብዬ ልንገራት?

ጳጉሜን 2

የበዓሉ ኮሚቴ ስብሰባ። ተነሣሁና "ማይክሮፎኑ መሬት የለውም" አልሁ።

ሰብሳቢው ጓድ ሣህሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "መሬት በአዋጅ ለሕዝብ ተሰጥቷል! ዛሬ መሬት የሌለው ማነው፣ ጓድ አምባቸው?" ከኋላ አጨበጨቡ።

"ኧረ የእርሻውን መሬት አይደለም... ሰገነቱ ሥር ብረት ልቅበር ነው የምለው።"

ይባስ! ጓድ ሣህሉ ከወንበሩ ተነሣ።

"እንግዶች ከሚቀመጡበት ሥር? ምን ልትቀብር?"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሁለት ሰዎች ወሰዱኝ። ማን ላከህ? ከማን ጋር ነህ? ስለ ሽቦ ባስረዳ ማን ሰምቶኝ... መፍራት ነበረብኝ። አልፈራሁም። አዛጋሁ እንጂ። አመሻሽ ላይ "መቆፈር የሚባል ነገር የለም" ብለው ለቀቁኝ።

ጳጉሜን 4

"ተይ፣ ቅሪ" አልኋት እናትዓለምን።

"አንተን በያዙህ ማግስት ብቀር ምን የሚሉኝ ይመስልሃል?"

እውነቷን ነው። ጫማ አድርጊ ብላት ልብሱን ያጸደቀው ጓድ ሣህሉ ነው አለች።

የብርጓል ከጥጓ ቀና ብላ አየችኝ። "እሷንም?" አለች።

መስከረም 1 ቀን 1979

እንቁጣጣሽ። ሲዘንብ ዋለ።

መስከረም 3

ትናንት... እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ሣሩ ውኃ አቁሯል። እንግዶቹ ገና አልደረሱም። ጓድ ሣህሉ "ሙከራ! ቶሎ በሉ!" ይላል። እናትዓለም በባዶ እግሯ መጣች። እጇን ልትዘረጋ ስትል ቀደምኋት። ጫማዬን አወለቅሁ።

"ጓድ ሣህሉ፣ ይመልከቱ" አልሁ።

ማይክሮፎኑን በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ በመዳፉ የጨበጠውን ሰው ኤሌክትሪኩ አይለቀውም። ጀግንነት አይደለም። ግድ አልነበረኝም፣ ይኸው ነው።

ወረወረኝ። ጭቃው ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። እናትዓለም "አባየ!" ብላ ስትጮህ ይሰማኛል። ጓድ ሣህሉ ፊቱ አመድ መስሏል። "ቅበር! በቃ ቅበረው!" አለኝ።

ብረቱን ተክዬ በመዶሻ መታሁ። መሬቱ ዝናብ ጠግቧል፣ ዝም ብሎ ዋጠው። አዘዘን ማን ቀበረው? አፈር ያለበሰው ሰው ተገኝቶ ይሆን? ልጄን ሳልቀብር ብረት እቀብራለሁ... መዶሻውን አላቆምሁም፤ እንባዬ ግን መጣ። ሰው ሁሉ እያየኝ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ነዝሮት ነው አሉ። ይበሉ።

ከማጉያው የሳብሁትን ሽቦ ብረቱ ላይ አሰርሁ። ፈተሽሁ። ቴስተሩ አልበራም።

እናትዓለም ዘፈነች። አልነዘራትም።

ቤት ስገባ የብርጓል ከጥጓ ተነሣች። መዶሻው የላጠውን እጄን ይዛ ቅቤ ቀባችልኝ።

"ያምሃል?" አለችኝ።

"ያመኛል" አልኋት። "በጣም ያመኛል፣ የብርጓል።"