የእኔ ችግኝ የመሰከረበት ሰው

ይድረስ ለወንድሜ ለጴጥሮስ ጠና፤
አዲስ አበባ።

እንደምን ሰነበትክ ወንድሜ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ክረምት ሲገባ የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮ ተወህ ወይ? ያቺ ክፍልህ አሁንም እርጥበት ይገባታል? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ወረቀት ላይ አቀርቅረህ ትረሳዋለህ? እናታችን ጉልበቷን ከማመሟ በቀር ደህና ናት። ታናሽ እህታችን ዘነበችም የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ወስዳ ውጤት ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ እጽፍልህ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ከናፍቆትህ ሌላም ስላለብኝ እንደዚያ ብዬ አልዋሽህም።

ደብዳቤህ በግንቦት መጨረሻ ደርሶናል። ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ልትላክ መመረጥህን፣ የአፈርና የደን አጠባበቅ ተምረህ ስትመለስ ሌላውን እንደምታሠለጥን ጽፈሃል። እናታችን ዘነበችን ሁለት ጊዜ አስነበበቻትና ወረቀቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ሄደች። እኔም ደስ አለኝ፤ በአንተ መማር የምከፋ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። እልል ግን አላልኩም። ምክንያቱን ልጽፍልህ ነው። ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ብዬ በፖስታ አልላክሁትም፤ ረሻድ ባለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ሲሄድ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

ሽፈራው የሚባል ሰው ታስሯል። ከሺንሺቾ በታች ቆላው ላይ አምና የተከፈተው የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነው፤ የሦስት ልጆች አባት። ለእስር ያበቃው አንተ ለመሥሪያ ቤትህ ያዘጋጀኸው የሥልጠና መጽሐፍ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው።

አባታችን የሞተ ዓመት ከሁለታችን አንዳችን ትምህርት ማቆም ነበረብን፤ ከአሥረኛ ክፍል የወጣሁት እኔ ነኝ። ይህን ውለታ አድርጌ ቆጥሬብህ አላውቅም፤ ዛሬም አልቆጥርብህም። በፎንቆ መንገድ ያለው የችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኛነት ገባሁ፤ አፈር ነፋሁ፣ የችግኝ ላስቲክ ሞላሁ፣ ውሃ ተሸከምኩ፤ እያደር ጣቢያው በእጄ ሆነ። ለስድስት ወሩ ሥልጠና ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። መጀመሪያ አሥራ ሁለተኛ አልጨረስሽም አሉኝ። ቀጥሎ ሴት ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ከወንድ መካከል እንዴት ትሰነብታለች ተባለ። በሦስተኛው ቦታዬ ችግኝ በእጁ ነክቶ ለማያውቅ ካድሬ ተሰጠ። ሠልጥነው ሲመለሱ ታዲያ ቡቃያውን ከዘር መደብ ወደ ላስቲክ ሲያዛውሩ ሥሩን እንዳያጥፉት የማሳያቸው እኔ ነበርኩ። ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉና ለጥያቄ እኔ ጋ ይመጣሉ። አንተም ይህን ስነግርህ ትስቅ ነበር።

ለዚህ ነው ደብተር መያዝ የጀመርኩት። የሚያስተምረኝ ባጣ ራሴን ላስተምር ብዬ ስምንት ዓመት ጻፍኩ፤ የትኛው ዘር መቼ እንደተዘራ፣ በስንት ቀን እንደበቀለ፣ ስንቱ እንደሞተና ለምን እንደሞተ። ያን ደብተር አምና ለፋሲካ መጥተህ ለጥናቴ ይረዳኛል፣ ሳምንት ሳይሞላ እመልስልሻለሁ ብለህ ወሰድከው። እኔም ምን ከፋኝ፣ የተማረ ወንድሜ የኔን ጽሑፍ ሲፈልግ ኮራሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ምን እንደጻፍኩ ታስታውሳለህ። ይህ ለእኛ ጣቢያ ብቻ ነው፤ እኛ ዘንድ ጠዋት ጤዛ አለ፣ ደመናውም እስከ ረፋድ አይነሳም፤ ፀሐይ የሚበረታበት ቦታ ያለ ሰው ቅጠሉን እያየ ይወስን ብዬ ነበር። አንተው ጮክ ብለህ አንብበህልኝ፣ እንዴት ጥሩ አድርገሽ ጻፍሽው ብለኸኛል።

ዘንድሮ በየካቲት የአሥር ቀን ማደሻ ሥልጠና ሆሳዕና ላይ ሲከፈት ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜ ወጣ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አዲስ ደብተር ገዛሁ፣ ቀሚሴን አጥቤ ተኮስኩ። በሁለተኛው ቀን በስቴንስል የተባዛው መጽሐፍ ታደለን። ሽፋኑ ላይ የአንተን ስም አየሁ። ውስጡን ስከፍት ደግሞ ራሴን አገኘሁት። ለሁለት መደብ አንድ የዘይት ቆርቆሮ ውሃ ይበቃል ይላል። ያ ቆርቆሮ ከረሻድ ሱቅ የለመንኩት ነው፤ ማጠጫ ስለሌለን በምስማር በስቼ የምጠቀምበት። አገሩ ሁሉ በዘይት ቆርቆሮ የሚያጠጣ ይመስል እንዳለ ገልብጠኸዋል። ተከላ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ችግኙን ከፀሐይ የሚከልለውን የዳሱን ክዳን ማንሳት፣ ከዚያ ወዲያ ችግኙ እንዲጠነክር በሦስት ቀን አንዴ ብቻ ማጠጣት የሚለውም አለ። የመጀመሪያው ገጽ ግን የለም። የእኔም ስም የለም። ስሜ ባይኖር ግድ የለኝም ብዬ ስንት ጊዜ ለራሴ እንደነገርኩት አልነግርህም። ግድ አለኝ፤ በጣም ግድ አለኝ።

እጄን አውጥቼ ይህ ለደጋ እንጂ ለቆላ አይሆንም አልኩ። አሠልጣኙ ወንዳፈረው የሚባል ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው። «ጓድ ጵርስቅላ፣ መመሪያው በጥናት የተዘጋጀ ነው፤ ልምድና ሳይንስ ይለያያሉ» አለኝ። ቀጥሎ የአባቴን ስም ከሽፋኑ ጋር አስተያየና አዘጋጁ ወንድሜ መሆኑን ጠየቀኝ። አዎ ስል አስጨበጨበልኝ። ያን ጊዜ ተነስቼ ማን ከማን እንደገለበጠ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ጭብጨባውን ተቀበልኩ። ባንተ የተበሳጨሁትን ያህል በራሴም ተበሳጭቻለሁ።

ሽፈራው አጠገቤ ነበር የተቀመጠው። የተባለውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር የሚጽፍ ሰው ነው። ለሻይ ስንወጣ፣ የናንተ አገር ሙቀት ነውና ዳሱን እንዳታነሳ አልኩት። ታዲያ የወንድምሽን መጽሐፍ ትቼ አንቺን ልስማ፣ ቢጠይቁኝስ አንቺ ትፈርሚልኛለሽ ወይ ብሎ ሳቀ። በቀልድ ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን እፈርምልሃለሁ አላልኩትም። ብፈርም አንተን ማሳጣት ይሆንብኛል ብዬ ነው።

ግንቦት ላይ እንደ መጽሐፉ ዳሱን አነሳ፤ በሦስት ቀን አንዴ አጠጣ። ዘንድሮ በልጉ ቆላው ላይ ቀድሞ ቆሟል። በሁለተኛው ሳምንት አርባ ሺህ ችግኝ፣ ዋንዛው፣ ግራሩ፣ ግራቪሊያው ሁሉ ቆሞ ደረቀ። ሠራተኞቹ እናጠጣ ሲሉት እንኳ መመሪያው አይፈቅድም ብሎ እንደከለከላቸው ሰምቻለሁ። ቃል ጠባቂነቱ ነው የጎዳው። ለዘንድሮው የተራራ ተከላ ስንት ገበሬ ማኅበር ጉድጓድ ቆፍሮ ይጠብቅ ነበር። ሰኔ ሦስት ቀን አሻጥር ሠርተሃል ተብሎ ተያዘና ወደዚህ አመጡት።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስማ። እኔ ጣቢያ ሃምሳ ሺህ ችግኝ ለምልሞ ቆሟል። አጣሪዎቹ መጥተው ዞረው አዩትና ሽፈራውን እፊቴ አቁመው አንደኛው እንዲህ አለው፦ «አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ሥልጠና። የእሷ ለምልሟል፣ ያንተ ደርቋል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ሽፈራው ወደ እኔ አየ። የገዛ ችግኜ መሰከረበት። ብርዱን፣ ጤዛውን፣ ደብተሩን ነገርኳቸው። ደብተሩን አምጪ አሉኝ። ደብተሩ አንተ ዘንድ ነው። ሳናይ አናምንም አሉና ለሰኔ ሃያ ስምንት መጽሐፉ ትክክል ለመሆኑ ምስክርነት እንድሰጥ ቀጠሩኝ።

ወንድሜ፣ የምጠይቅህ ብዙ አይደለም። ደብተሩን ላክ፤ ጽሑፉ ለደጋ የተጻፈ እንደነበረና የመጀመሪያውን ገጽ የተውከው አንተ እንደሆንክ ጽፈህ ፈርም። ረሻድ መርካቶ ሦስት ቀን ስለሚቆይ ሲመለስ ይዞልኝ ይምጣ። ይህን ብትጽፍ የጀርመኑ ነገር ሊቀር እንደሚችል አውቃለሁ። ሌሊት ተቀምጠህ በኩራዝ ስታጠና ያየሁህ እኔ ነኝ፤ ቢቀርብህ ካንተ ባላነሰ ያመኛል። ግን አንድ ሰው የታሰረበትን ወረቀት ሻንጣህ ውስጥ ይዘህ ሄደህ ምን ልትማር ነው? ተመልሰህስ ማንን ልታሠለጥን?

ደብተሩ ቢመጣም ባይመጣም ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን እውነቱን እናገራለሁ። ስምህንም እጠራለሁ። ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ካንተ እጅ ቢያነቡት ላንተም ለሽፈራውም ይሻላል። ባዶ እጄን ከሄድኩ ለወንድሟ ቀንታ ነው፣ የሥልጠና ቦታ ተከልክላ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ በከፊል እውነታቸውን ይሆናል። ግን ማንም ምንም ቢል በምስክርነቴ መዋሸት አልችልም።

እናታችን እነሆ ጉንጭህን ትስማለች። ለጀርመን መንገድህና ለሽፈራው መፈታት ባንድ ጊዜ ትጸልያለች፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንደማይሆኑ የነገራት ሰው የለም። ዘነበች የቀለም እርሳስ እንዳትረሳብኝ ብላሃለች። ጎረቤታችን ጋሼ ጥላዬም በርታ ብለውሃል።

አንዲት ሌላ ሰላምታ አለችህ። የሽፈራው ሚስት ትርፊት ስንቅ ለማመላለስ ከመጣች ወዲህ የምታድረው እኛ ቤት ነው፤ እሑድ ቅዳሴ ላይ ብቻዋን ስታለቅስ እናታችን አይታ ነው ያመጣቻት። መጽሐፉን ማን እንዳዘጋጀው አታውቅም። ትናንት እስር ቤት አብሬያት ስሄድ ሽፈራው ቀስ ብሎ፣ በቤታችሁ ተጠልላ ሳለች እንዴት ብዬ እነግራታለሁ አለኝ። አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ የነገውን ቆጮ በኮባ ቅጠል ትጠቀልላለች፤ ማንበብ አትችልም። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ነው አልኳት። ብዙ ሰላም በይልኝ አለች። ቀጥላም፣ ያን መጽሐፍ የጻፈው ሰው እዚያው አዲስ አበባ ነው ይባላል፣ ወንድምሽ ያውቀው እንደሆነ ለባሌ አንድ ቃል እንዲጽፍለት ይለምንልኝ አለችኝ። ያውቀዋል አልኳት።

እህትህ ጵርስቅላ ጠና
ሆሳዕና፤ ሰኔ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.