ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ

ማክሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 2007

ሙሉ ቀን ቅጽ ስሞላ ዋልኩ። ከየትምህርት ቤቱ የመጣውን የተማሪ ቁጥር ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው መገልበጥ... ስምንት ዓመት። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ማለት ይኸው ነው።

ስወጣ በሲኒማ ራስ በኩል አድርጌ እህቴ ዙህራ ሱቅ ገባሁ። ደብተር በጅምላ ትሸጣለች። ጭድ ተራ የምትነግደው ሀጅራ የልጇን የሩብ ዓመት ካርድ ይዛ ቆማለች። አንደኛ ወጣሁ ብላኛለች፣ እስቲ አንቺም አንብቢልኝ አለች። አነበብኩ። ከሃምሳ ስምንት ተማሪ አርባ ሰባተኛ። ልጅቱ ለእናቷ ሁለት ዓመት ሙሉ "አንደኛ" እያለች ስታነብላት ኖራለች! ዙህራ ሳቀች። ሀጅራ ካርዱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። እኔም ሳቅ አልመጣልኝም።

ለዚህ እኮ ነው ያንን ነገር የማስበው። የልጅ ውጤት በድምፅ ወላጅ ስልክ ላይ ቢደርስ... በአማርኛ፣ በስልጥኛ፣ በጉራጊኛ። ማንበብ ለማይችል። ሱቁን ዘግቶ ትምህርት ቤት መሄድ ለማይችል። ለቢሮ ባቀርበው "በዕቅድ አልተያዘም" ይሉኛል። ወይ ከሦስት ወር በኋላ በሌላ ሰው ስም ይቀርባል። ስለዚህ ዝም። መጀመሪያ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ልግባ፣ ድርጅት ማቆም ልማር። ማመልከቻው የካቲት አጋማሽ ይዘጋል። ለዙህራም አልነገርኳት።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ማመልከቻውን ሞላሁ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ ከኋላዬ አለፈ። አንዱስ እሺ... ሁለተኛው ለምን? ስክሪኑን በቦርሳዬ ከለልኩት።

"የመንግሥት ሥራ ለምን መተው ፈለግሽ?" የሚል ጥያቄ አለው። እውነቱን ጻፍኩ። ከዚያ ግማሹን አጠፋሁት።

አንድ ነገር ቀረኝ። የቅርብ አለቃ የድጋፍ ደብዳቤ። በታሸገ ፖስታ፣ አለቃው ራሱ የሚልከው፣ አመልካቹ የማያየው። የማያየው! እንዲህ ያለ ነገር የሚያስቡት ሰው አምነው ያደጉ ሰዎች መሆን አለባቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ለእትዬ በለጥሻቸው ነገርኳቸው። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ናቸው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ይቆጡኛል፣ ይመክሩኛል፣ ቢያንስ "ለምን?" ይሉኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ከሚፈርሙት የወረቀት ክምር ቀና እንኳ አላሉም።

"እሺ። ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ።"

በቃ። ይኸው ነው።

ለምን ቶሎ እሺ አሉ?

ሐሙስ፣ ጥር 14

እንቅልፍ የለም። ነገሩን ገልብጬ ገልብጬ አየሁት። ግምገማ ሦስት ሳምንት ቀረው። ምርጫም እየደረሰ ስለሆነ ዘንድሮ ጠበቅ የሚል ነው የሚመስለው። እኔ በራሴ እጅ "ሀፍሷ ጎበዝ ናት፣ አመራር ትችላለች" ብዬ እጽፋለሁ። እሳቸው ያንን ወረቀት ይዘው ስብሰባ ላይ ይነሳሉ። "ጓዶች፣ አንድ እግሯ ውጭ ነው። ራሷን እንዴት እንደምትክብ እዩት።" አለቀልኝ ማለት ነው። መልቀቂያም አላገኝም፣ ቦታዬም አይኖርም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ስለዚህ ራሴን ትንሽ አድርጌ ጻፍኩት። "ሥራዋን በወቅቱ ታቀርባለች። በቡድን ሥራ ትሳተፋለች። ተነሳሽነት ይቀራታል፤ ወደፊት ታሻሽላለች።" ሦስት መስመር። ማንም የትም ቢያነበው አያስከስሰኝም። ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚለኝ... እሱን በማመልከቻው ጽሑፌ እሸፍነዋለሁ።

ሰጠኋቸው። ሳያዩት መሳቢያ ከተቱት።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ ያየሁትን ባላይ ይሻለኝ ነበር።

የእትዬ በለጥሻቸው ቢሮ ተዘግቷል። በሥራ ሰዓት ተዘግቶ አያውቅም። ቅጽ ላስፈርም አንኳኩቼ ገፋ ሳደርገው ይስሐቅ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጧል። የአንድ ለአምስታችን ጠርናፊ ነው፤ በየስብሰባው ቃለ ጉባኤ የሚይዘውም እሱ ነው። ጠረጴዛው ላይ የኔ ወረቀት። በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ተሰርዟል። እትዬ በለጥሻቸው መዝገብ አነሱና ደረቡበት። "በኋላ ተመለሺ" አሉኝ። ይስሐቅ አላየኝም፤ ማለቴ እንዳላየኝ ሆነ።

ቀይ እስክሪብቶ! ፋይል እየከፈቱብኝ ነው። ያንን ሦስት መስመር እንኳ...

ዙህራ ምን ሆንሽ አለች። "ራስ ምታት" አልኳት። "አንቺ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ" አለችኝ። ትሳቅ። እሷ ደብተር ነው የምትሸጠው፤ ደብተር ሰው ላይ አይመሰክርም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ግምገማ። ከክፍለ ከተማ የመጣው ሰውዬ መሀል ተቀመጠ። ኃላፊዋ ላይ ሂስ ያለው ተባለ። እስኪጀምሩኝ አልጠበቅሁም። ቀድሜ ተነሳሁ።

"ወይዘሮ በለጥሻቸው በር ዘግተው በሰው ላይ ወረቀት ያዘጋጃሉ።"

ሰውዬው ማን ላይ፣ መቼ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበል? "እኔ ላይ" ብል "ለምን?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። አይቻለሁ፣ ዝርዝሩን እሳቸው ያውቁታል ብዬ ተቀመጥኩ። ይስሐቅ መጻፉን አቁሞ እሳቸውን አያቸው። እሳቸው እኔን አዩኝ። ከዚያ፦

"ሂሱን ተቀብያለሁ።"

ስለ ማመልከቻዬም ትንፍሽ አላሉም። ቀድሜያቸው ነው፣ ደንግጠው ነው አልኩ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 16

እትዬ በለጥሻቸው ከኃላፊነት ተነስተው መዝገብ ቤት ተመደቡ። ምክንያቱ "የአሠራር ግልጽነት ጉድለት"። ሌሎችም ተናግረውባቸዋል... እኔ ብቻ አይደለሁም። የኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።

ዓርብ፣ የካቲት 20

መዝገብ ቤት ፋይል አስፈለገኝ። ሰው ላክሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። በዚያ ደብዳቤ እንዴት ጠሩኝ ብዬ እንኳ ጠርጥሬ ነበር። ሊስቁብኝ ነው እንዴ?

ሦስት ሰዎች። ስለ ስልኩ ነገር ጠየቁኝ፣ የሀጅራን ካርድ ነገርኳቸው። መሀል ያለችው ሴትዮ የአለቃሽ ደብዳቤ ይገርማል፣ እንዲህ ያለ ደርሶን አያውቅም አለች። አመልካች ማየት የለበትም፣ ይህን ግን መስማት አለብሽ ብላ አነበበችልኝ። እንግሊዝኛው ጥርት ያለ የአስተማሪ እንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ እንዲህ ይመጣል፦

"ሀፍሷ ራሷን እንድትገልጽ ጠይቄያት የጻፈችውን አይቻለሁ። ሰርዤዋለሁ፤ ውሸት ነውና። ስምንት ዓመት ከኛ ጋር ስትሠራ ጎበዝ መሆኗን መደበቅ ተምራለች። ያስተማርናት እኛ ነን። ሳትፈራ የምትናገርበት ቦታ ስጧት።"

ከዚያ በኋላ የጠየቁኝን አላስታውስም። ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ረዳቱ ሂሳብ ሳይጠይቀኝ አለፈኝ።

በር ዘግተው ወረቀት ያዘጋጃሉ... እውነቴን ነበር እኮ። ወረቀቱ ይህ ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

መዝገብ ቤት ወረድኩ። በእግሬ፣ ራሴ። እትዬ በለጥሻቸው የድሮ ፋይል ላይ ቁጥር እየለጠፉ ነው። ይቅርታ ልል ነበር የሄድኩት። ለምን ያን ቀን አልተናገሩም ብቻ አልኩ።

"ምን ልበል? ልትሄድ ነው፣ ደብዳቤዋን ነው የጻፍኩላት ልበል? ፖስታው ገና መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እዚያው ያስቀሩብሽ ነበር።"

ደብዳቤውን የተየበው ይስሐቅ ነው፤ እሳቸው ኮምፒውተር አይሆንላቸውም። ስምንት ዓመት የአለቆች ጆሮ ነው ብዬ የምሸሸው ይስሐቅ! ሁሉን እያወቀ ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ቀና ብለው እኔን ጠየቁኝ።

"ቆይ፣ ምንድን ነው ያስጠረጠረሽ?"

"ቶሎ እሺ ማለትዎ።"

ሊስቁ ነበር፣ ግን ተዉት። ሌላ ፋይል አነሱ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ እስከ ምሳ ሰዓት ቁጥር አቀበልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ተቀበሉኝ። ትምህርት መስከረም ይጀምራል። መጀመሪያ ለዙህራ ነገርኳት። እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩ... ከዚያ ለቀቅኋት። እልል አለች፣ ጎረቤት ሱቆች ሁሉ ሰሙ።

የቀረኝ መልቀቂያ ብቻ ነው። ዝም ብዬ ባስገባ በአንድ ወር ይሰጡኛል። ዝም ብዬ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 8

የሩብ ዓመት ስብሰባ። ያው የክፍለ ከተማው ሰውዬ። እትዬ በለጥሻቸው ከኋላ ወንበር። "ልዩ ልዩ ጉዳይ" ላይ ሲደረስ እጄን አወጣሁ።

የካቲት 5 በወይዘሮ በለጥሻቸው ላይ የሰጠሁት ሂስ ስህተት ነው አልኩ። በር ዘግተው ያዘጋጁት ወረቀት የኔ የትምህርት ድጋፍ ደብዳቤ ነበር። የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። የፈራሁትም እኔ ነኝ።

ሰውዬው መልቀቂያ ልትጠይቂ ነው ማለት ነው አለ። አዎ አልኩ። "እንግዲህ ይታያል" አለ። "ይታያል" ስንት ወር እንደሆነ እዚህ ቤት የማያውቅ የለም። መስከረም ሊያልፈኝ ይችላል።

ይስሐቅ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አላሳረፈም። ወደኔ ዘንበል ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይጻፍ?"

ማምለጫ እየሰጠኝ ነበር። ዛሬ ገባኝ።

"ይጻፍ" አልኩት። እንዳያመልጠው ከመጀመሪያው ቀስ ብዬ ደገምኩለት።