ዘጠና አንድ ላይ የቆመው ሚዛን

ሰኞ፣ መጋቢት 3 ቀን 1976

ዛሬም ዘጠና አንድ። ከሚዛኑ ወረድኩ፣ ሸሚዜን አወለቅሁ፣ እንደገና ወጣሁ። ክንዱ ትንሽ ተንቀጠቀጠና እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ስድስተኛ ቀን መሆኑ ነው።

ሐኪሙ የነገረኝ ግልጽ ነው። ቡኣዬ ኦፕራሲዮን እንዲደረግ ሰማንያ አምስት ኪሎ መግባት አለብኝ። «በዚህ ክብደትዎ ማደንዘዣ ልስጥዎ ብል እኔም እፈራለሁ» አለኝ። ቀጠሮዬ የፊታችን ሰኞ ነው። ከገና ወዲህ ሁለት ጊዜ ወጥቶ አልመለስ ብሎኝ፣ ላብ እያጠመቀኝ መሬት ላይ ተንከባልያለሁ። ሦስተኛው ጨርሶ ላይመለስ ይችላል ብሏል። አልመለስ ካለ ሰው ይሞትበታል። ይህን ለእህቴ ለአስካለ አልነገርኳትም።

ሁዳዴ ሲገባ ዘጠና ስድስት ነበርኩ። በዘጠኝ ቀን አምስት ኪሎ ጣልኩና ጎረቤቴ ገመቹ ላይ ደረቴን ነፋሁበት። ከዚያ በኋላ ግን ድርቅ።

የምበላውን ልጻፈው፣ ማን ያየዋል፦

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም።
በዘጠኝ ሰዓት ሁለት የተቀቀለ ድንች በጨው።
ሲመሽ አንድ ጭብጥ የገብስ ቆሎ፣ እሱም በጨው።
ውኃ እንደ ልብ።

ዘይት የለም። ቢኖርም የቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ራሱ ያከሳል።

ይህን የቀመርኩት ራሴ ነኝ። አገር ለቆ የሄደ አንድ ፈረንጅ ከተዋቸው ዕቃዎች መካከል ስለ ካሎሪ የሚናገር መጽሐፍ አግኝቼ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ወር ታገልኩት። ሚዛንና ሰዓት መጠገንንም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። እስካሁን ያላሸነፍኩት መጽሐፍ የለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ሚዛኑን ጠረጠርኩት። አራት የሃያ ኪሎ ብረት ጫንኩበት፤ ሰማንያ አለ። አንዱን አወረድኩ፤ ስድሳ አለ። ለብረት የማይዋሽ ሚዛን ለእኔ ለምን ይዋሻል?

ሚዛኑ የወፍጮ ቤቱ ነው፤ ለጥገና ሱቄ የመጣ። ጠግኜ ከጨረስኩት ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው። ገመቹ ግን (የወፍጮው ሠራተኛ ነው) በመጣ ቁጥር አንዲት ብሎን ፈትቼ መነጽሬን አጠልቅና «ገና ነው፣ ዕቃ ጠፋ» እለዋለሁ። እስከ ሰኞ አላስረክበውም።

ጠዋት እንደ ልማዴ ከቀበና ተነስቼ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ጭጋግ ነበር። ከባሕር ዛፉ ውስጥ ስገባ ኋላዬ ሰው ይራመዳል። ስቆም ይቆማል። ኮቴው የእኔው ማሚቶ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁት። ግን የእኔ እርምጃ እንደዚያ ከባድ ነው እንዴ? የሚራመደው እህል ተሸክሞ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነበር።

ተመልሼ ተመዘንኩ። ዘጠና አንድ።

ቀበቶዬን ግን በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት። ይኸኛው ሦስተኛው ነው። ወገቤ እየጠበበ፣ ኪሎው ባለበት። የሄደው ሥጋ የት ሄደ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

ገመቹ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ደረሰብኝ። ተይዣለሁ።

«ዕቃ ጠፋ አላልክም? ምኑ ነው የጠፋው?»

«ልኩን እየሞከርኩት ነው።»

«በራስህ ሬሳ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዞር ብሎ ከኋላዬ ያለውን ቦታ ተመለከተና ፊቱን ኮስተር አደረገ። «አቦ ታዬ፣ ከኋላህ የቆመውን መጀመሪያ አውርደው እንጂ።»

ይህ የእኔው የቆየ ተንኮል ነው። በበዓል ሰሞን ሴቶቹ «እስቲ መዝነን» እያሉ ሲመጡ፣ ከኋላ ቆሜ የሚዛኑን ጠርዝ በእግሬ ጣት ጫን እል ነበር። አንዷ ጎረቤታችን ላይ ስምንት ኪሎ ጨምሬ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እራት ትታለች። ሆዴን ይዤ ነበር የሳቅሁት።

ገመቹ ከሄደ በኋላ ዞርኩ። ማንም የለም። ሚዛኑን ጎትቼ ግድግዳው ሥር አስጠጋሁት፤ ከጀርባዬና ከግድግዳው መካከል ድመት እንኳ እንዳይገባ አድርጌ። ወጣሁ። ዘጠና አንድ። ስወርድ ብቻዬን የወረድኩ አልመሰለኝም። ሞኝነት ነው፤ ግን ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ድንቹን ተውኩ። ቆሎና ውኃ ብቻ። ቆሎው ሲያንገሸግሸኝ ጨው እጨምርበታለሁ፤ ጨው ባይኖር ኖሮ ሰው አልሆንም ነበር።

ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። ባለፈው ሳምንት ያለ ዕረፍት የወጣሁትን ዛሬ አምስት ጊዜ ቆምኩ። የማገዶ ሸክም ይዘው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ፣ ጎንበስ እንዳለች ከግንባሯ ሥር አየችኝ። እኔ ባዶ እጄን ነበርኩ። ዱላ እንኳ አልያዝኩም።

«አባባ፣ የተሸከሙትን አውርደው ትንሽ ይረፉ» አለችኝ።

«ምኑን?» ልል ስል አልፋኝ ወርዳለች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ፣ ከሲግናል ሰፈር የመጡ የማውቃቸው እናት እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ። «እንኳን ለቤትህ አበቃህ። መቼ ፈቱህ?» ሰልፈኛው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። «የትም አልሄድኩም እኮ፣ እዚሁ ነበርኩ» አልኩ። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ገብቶናል አትናገር እንደማለት። እሳቸው ያዩት ፊት የማን ፊት ነው? ቤት ገብቼ መስታወት አየሁ። ጉንጬ ጎድጉዷል፣ ዓይኔ ወደ ውስጥ ገብቷል። እውነትም ከአንድ ቦታ የተመለሰ ሰው ይመስላል። እና ይህ ሰው ዘጠና አንድ ኪሎ ይመዝናል!

ጫማዬ አልገባ አለኝ። አስካለ ፀሐይ ላይ አስጥታ አኮማትራው ይሆናል።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ጫማው አልተኮማተረም። እግሬ ነው።

ካልሲዬን ሳወልቅ የላስቲኩ ምልክት በገመድ እንደታሰረ ሰው እግር ጠልቆ ቀርቷል። ቁርጭምጭሚቴን ፈለግኩት፣ አጣሁት። አውራ ጣቴን ቅልጥሜ ላይ ተጫንኩና አነሳሁ። ጉድጓዱ ባለበት ቀረ። የራሴ ጣት ቅርጽ፣ ገና ባልደረቀ ምርጊት ላይ እንደተተከለ። ሰዓት ጠጋኝ ነኝና ሰዓት ያዝኩለት፤ አርባ ሴኮንድ ድረስ ቀስ እያለ ተሞላ። ከውስጥ የሆነ ነገር እየገፋው ነው።

ከላይ የጎደልኩት ከታች እየተጠራቀመ ነው። ፊቴ የእስረኛ፣ እግሬ የዝሆን። አንዱ እየወጣ ሌላ እየገባ ነው፤ ገቢው ደግሞ ልኬን ያውቃል። አንድ ኪሎ ስጥል አንድ ኪሎ ይተካል፤ አያበዛም፣ አያሳንስም።

ትራስ ደርቤ ነው የተኛሁት። ጋደም ስል ደረቴ ላይ ይወጣል።

አስካለ በጠዋት «ምነው ዛሬ አትቀልድም?» አለችኝ። «ቀልድም ካሎሪ አለው» አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች። እኔ አልሳቅሁም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 8

ዘጠና አንድ።

አንድ ነገር አደረግኩ። የሚዛኑን ብሎን ግማሽ ዙር ወደ ግራ አዞርኩት፣ ከዚያ ትንሽ ጨመርኩ። ተመዘንኩ፤ ሰማንያ አምስት። እንደ ልጅ እየዘለልኩ ወረድኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ግን የእግሬን ጣቶች ሳይ፣ ማንን እንደሸወድኩ ገባኝና ብሎኑን ወደ ቦታው መለስኩት።

ሲመሻሽ የእህቴ ልጅ ሚሚ መታጠቢያ ሳህንና ለብ ያለ ውኃ ይዛ መጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ እግሬን የምታጥበኝ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ነው፤ ዛሬ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆና በሽተኛ እየረዳችም አልተወችውም። ባለፈው ቅዳሜ ተረኛ ስለነበረች አምልጫታለሁ።

«ዛሬ ይቅር፣ እግሬ ጾም ላይ ነው» አልኳት።

«ጋሼ፣ ወዲህ ይበሉ።»

እጇ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጣቷን ተጫነች፣ አነሳች። ሁለታችንም ጉድጓዱን አየነው። ከዚያ ፊቴን ቀና ብላ አየችው፤ የእህቴ ልጅ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«ይሄ ውፍረት አይደለም፣ ጋሼ። ውኃ ነው። ምን ምን ነው የሚበሉት?»

ነገርኳት። ጣቶቿን እያጠፈች ሰማችኝና ጨው ላይ ስደርስ ቆመች። «ስንት?»

«የፈለግኩትን ያህል ነዋ! የጨው ካሎሪ ዜሮ ነው። የውኃም ዜሮ ነው። መጽሐፉን ላምጣልሽ?»

«ካሎሪ የሌለው ነገር አይከብድም ያለዎት ማነው?»

ሠላሳ ዓመት ሚዛን ስጠግን ኖሬ ይህን ከእህቴ ልጅ ሰማሁ።

ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ጨው ውኃ ይይዛል። ምስርና ባቄላ እንኳ ሳይቀምስ ቆሎ ብቻ እየቆረጠመ የሚውል ሰው ደግሞ ሥጋው ሲያልቅ ውኃው በቦታው ይተኛል። ሚዛን ሥጋና ውኃ አይለይም። «የከሱትስ ከስተዋል» አለች፣ «ግን ያለቀው መቅረት የነበረበትም ጭምር ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፦ «ልብም ሲደክም እንዲህ ያደርጋል። ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«አያጥረኝም» አልኩ።

«ጋሼ።»

«ዳገት ላይ። ጋደም ስልም።»

ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እግሬን አልለቀቀችም። ቆሎው በዚያው ምሽት ከቤት ወጣ። ከዘጠና አንዱ ኪሎ ውስጥ እኔ ስንቱ ነኝ? ከተኛሁበት ሆኜ ይህን ብቻ አስባለሁ።

እሁድ፣ መጋቢት 9

ጨው የለም። እግሬ በሁለት ትራስ ላይ ከጭንቅላቴ በላይ ተሰቅሏል። አስካለ ሁሉንም ሰምታለች፤ ስለ ቡኣውም ጭምር። አንድ ሰዓት አለቀሰች፣ አንድ ሰዓት ተሳደበች። ሁለተኛው ቀለለኝ።

ሚሚ «እንቁላል ይብሉ» አለች። አስካለ «በሁዳዴ?» ብላ ተነሳች። የንስሐ አባታችን ራሳቸው መጥተው እግሬን አዩና «ጌታዬ፣ ለታመመ ተፈቅዷል፣ ብላ» አሉኝ። ጨው የሌለው የተቀቀለ እንቁላል በልቼ አላውቅም። ከንስሐው ቢቆጠርልኝ ደስ ይለኛል።

ሽንት ቤት ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ገመቹ ደግፎ ሱቄ ወሰደኝ። ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ክንዱ ወርዶ ቀረ። የሚንሸራተተውን ብረት ወደ ኋላ ገፋሁት። ዘጠና!

«ወረደልህ» አለ ገመቹ። እኔ ግን ደስታው ዘገየብኝ። በአሥራ አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ከእኔ ወጥቷል። ሁለታችንም በሩን አየነው፤ ለምን እንዳየነው አልተነጋገርንም።

ሰኞ፣ መጋቢት 10

ሆስፒታል። ሚሚ ከሥራዋ አስፈቅዳ አብራኝ መጣች፤ ብቻዬን ብሄድ የምዋሽ መስሏታል። ትክክል ናት።

ሐኪሙ ክብደቴን አልጠየቀኝም። መጀመሪያ ያየው ፊቴን ነው፣ ቀጥሎ ጫማዬን (ማሰሪያውን ፈትቼ ነው የመጣሁት)። ቅልጥሜን ተጫነ። ደረቴን ሲያዳምጥ ቆየ፣ ወደ ጀርባዬ ዞረ፣ እንደገና ወደ ደረቴ መጣ። እኔ የግድግዳ ሰዓታቸውን አየሁ፤ አራት ደቂቃ ዘግይቷል። ልነግረው ፈልጌ ተውኩት።

ከዚያ መዘነኝ። ሰማንያ ዘጠኝ።

«ኦፕራሲዮኑ ለጊዜው ይቆይ» አለ።

«ሰማንያ አምስት እኮ እየደረስኩ ነው፣ ዶክተር። አራት ኪሎ ብቻ!»

«እኔ ክብደት ይቀንሱ አልኩ እንጂ ራስዎን ይጨርሱ አላልኩም።» ልጅ ነው፤ የእኔ ልጅ ሊሆን ይችል ነበር። ተቆጥቶ ነበርና ቶሎ ድምፁን አለዘበ። «ልብዎ ይሁን፣ ኩላሊትዎ ይሁን፣ ወይስ ጨውና ረሃብ ብቻ፣ ገና አላወቅሁም። ቡኣው ቢወጣና አልመለስ ቢል ግን ቀን አይጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ይምጡ።»

ደምና ሽንት ሰጠሁ። ውኃ የሚያስወጣ ኪኒን አዘዘልኝ። ሐሙስ እንድመለስ ተነገረኝ።

«ሐሙስ ምን እናያለን?» ብዬ ጠየቅሁት።

ወረቀቱ ላይ እየጻፈ ቀና ሳይል፣ «ውኃው ሲወጣ ስንት እንደሚቀሩ» አለኝ።

ስንወጣ ሚሚ ክንዴን ይዛኝ ወረድን። ሦስት ጊዜ ዕረፍት አደረግኩ። አንዴ ቀልድ ሞከርኩ፣ ሳቀችልኝ፤ የውሸት ሳቅ እንደሆነ ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

የመጀመሪያዋን ኪኒን ከዋጥኩ ሁለት ሰዓት ሆኗታል። ይህን ስጽፍ አራት ጊዜ ለሽንት ተነስቻለሁ። በተነሳሁ ቁጥር እቀልላለሁ፤ አሁን ደግሞ አስካለን ጠርቼ፣ ከውኃው ጋር እኔም አብሬ እንዳልወጣ በሩ ላይ እንድትጠብቀኝ አደርጋለሁ።