በለቡ ኬላ ያለፈው ብስክሌተኛ

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለደምሴ፤

ደምስዬ፣ ከተለያየን ይኸው ሰባተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልሱን ከማን እሰማለሁ? ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ሌላ የለብኝም። ጽጌ አድጋለች። ቁመቷ እኔን አልፎ ያንተን ሊይዝ ምንም አልቀረው፤ ከኋላ ሳያት ያንተው ትከሻ ነው የሚታየኝ። እናትህ ዐርፈዋል። ለሥራ ሩቅ አገር ተልኳል ብለናቸው ስለነበር፣ "ልጄን ሳላየው" እያሉ ነው የሞቱት። አሁን ተገናኝታችሁ ከሆነ እውነቱን አንተው ነግረሃቸዋል።

ቤቱም እንደተውከው አይደለም። የመንገድ ዳሩ አጥር ወድቆ በቆርቆሮ ተክቼዋለሁ። የጓሮውን ክፍል ቀበሌ ለሌላ ሰው ሰጥቶብናል። ሰውዬው ዝምተኛ ነው፤ ዝምታው ግን አያሳርፈኝም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከጽጌ ጋር ስናወራ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ ለምደናል። ሳሙናና ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነው። የላፍቶ ገብስ ግን ዘንድሮም አምሮበታል።

ያቺን ቀጭን ጎማ ብስክሌት አገሩን ለቆ ከሚሄደው ጣሊያን መካኒክ ገዝተህ ስትመጣ ምን ያህል እንዳኮረፍኩህ ትዝ ይልሃል? ጣውንቴ እላት ነበር። እሑድ ጠዋት እኔ ገና ከአልጋ ሳልወርድ አንተ በረንዳ ላይ ተቀምጠህ ካቴናዋን በላምባ ታጥባለህ፤ ጎማዋን በጣትህ ጫን ጫን እያደረግህ ታዳምጣለህ፤ ሕፃን ልጅ እንደሚያጥብ ሰው ለብቻህ ታወራለህ። ከዚያ ሙዘይን መጥቶ ያፏጫል። በልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ የምትቆርጡ፣ በእሑድ መንገድም የማትለያዩ ጓደኛሞች ነበራችሁ። በለቡ አድርጋችሁ ዓለም ገና፣ ከዚያ ሰበታ። ከአውቶቡስ ጋር ስትሽቀዳደሙ ተሳፋሪው በመስኮት ብቅ ብሎ "በለው! ግፋ!" እያለ እንደሚጮህላችሁ እየሳቅህ ትነግረኝ ነበር። ስትመለስ ቅንድብህ አቧራ ለብሶ፣ ከኮርቻው ኋላ የሽምብራ እሸት ታስሮ ይመጣል። ምን ያደክምሃል፣ ዕረፍትህን ተኛበት እንጂ ስልህ፣ "ሳምንቱን ሙሉ የማሽን ጩኸት ሲሰማ የሚውል ጆሮ ንፋስ ይናፍቀዋል" አልከኝ። አንድ ቀን እኔንም ከፊትህ አስቀምጠህ ቁልቁለቱን ስትለቀው ነጠላዬ በጎማው ተጠልፎ ሁለታችንም ቦይ ውስጥ ገባን። ከቦዩ ሳንወጣ ስንት ሳቅን!

ከዚያ ያ ዓመት መጣ። ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ምን ይታይ እንደነበር አንተም እኔም እናውቃለንና አልጽፈውም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ንጉሤ ከሥራ ስትወጣ አስጠራህ። በር ላይ ቆሜ ስጠብቅህ ብስክሌቷን እየገፋህ መጣህ። ሳትጋልባት ስትገፋት አይቼህ አላውቅም ነበር።

"አልወረሷትም" አልከኝ። "እንዲያውም መልእክተኛችን ሁን ነው ያሉኝ። ቀይ ጨርቅ በክንድህ ታስራለህ፣ ኬላ ላይ ማንም አያቆምህም አሉኝ።"

እኔም ተመስገን አልኩ። ከዚያ የከፋ ነገር ይዘህ የምትመጣ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ቀላል ነበር። ነገ ስብሰባ አለ፣ ስኳር ገብቷል፣ ለዘመቻ ውጡ። ልጆች ደወልህን ሲሰሙ ከየቤቱ ወጥተው ከኋላህ ይሮጡ ነበር። ከዚያ መልእክቱ አጠረ፤ "ቀበሌ ትፈለጋለህ" ብቻ ሆነ። የተፈለገው ሰው ጫማውን አጥልቆ ይሄዳል። ከዚያ ቤተሰቡ ሳህን ይዞ ይመላለሳል። ከዚያ ሳህኑም ይቀራል።

የጎረቤታችንን የእትዬ ብርቄን ልጅ የጠራኸው አንተ ነህ። እኚያ በየጠዋቱ "ጎማህን አይውጋው" ብለው ይመርቁህ የነበሩ ሴትዮ ሰላምታህን መመለስ ተዉ። ሌላውም እንደዚያው ሆነ። ደወልህ ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ እየጎተቱ በር ይዘጋሉ። ደወሏን ፈትተህ ጣልካት። ያኔ ደግሞ የካቴናዋ ድምፅ ይሰማ ጀመር። አንድ ቀን ሠፈሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠህ ስትመጣ አየሁህ፤ በጠራራ ፀሐይ አንድ የተከፈተ በር አልነበረም።

እህል አልገባልህ አለ። እሑድ እሑድ ከሙዘይን ጋር መውጣታችሁን አልተዋችሁም፤ ግን የአውቶቡሱ ሰው ቀዩን ጨርቅ ሲያይ ፊቱን ያዞራል አልከኝ። አንድ ቀን ጨንቆኝ፣ "ለምን ዝም ብለህ ወደፊት አትሄድም? የጅማ መንገድ እኮ ረጅም ነው" አልኩህ። ጽጌ ደጅ ላይ ገመድ ትዘላለች። እሷን እያየህ፣ "እኔን ሲያጡኝ ማንን የሚይዙ ይመስልሻል?" አልከኝ። ሁለተኛ አላነሣሁብህም።

ያ የነሐሴ ቀን ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራ ብሎ ነበር። እኔ ልብስ እተኩሳለሁ። የዝናብ ካፖርትህን ሳታወልቅ ገብተህ መሐል ወለሉ ላይ ቆምክ፤ ውሃው ከላይህ ይንጠባጠባል።

"ሙዘይን" አልክ።

"መቼ?" አልኩህ።

"አሁን። ሂድና ጥራው አሉኝ።"

"ምን አጠፋ?"

"ምን እንዳጠፋ የሚነገረው ሰው አለ?"

ካውያውን አስቀመጥኩ። አንተም ዓይን ዓይኔን እያየህ፣ "አንቺ ምን ትያለሽ?" አልከኝ። በትዳራችን ብዙ ነገር አማክረኸኛል፤ እንዲህ ያለ ግን አማክረኸኝ አታውቅም። ጽጌ ጓዳ ውስጥ ታንጎራጉር ነበር፤ ድምፅዋ ይሰማኛል።

"ሙዘይን ከቤታችን እንጀራ ቆርሷል" አልኩህ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም። ገባህ፤ ግንባሬን ስመህ ወጣህ።

የሆነውን በኋላ ነው የነገርከኝ። ሙዘይን ከገብሱ ማሳ ማዶ ከተከራያት ቤት ብቻውን ተቀምጦ አገኘኸው። ካፖርትህን ከነቆቡ አለበስከው፤ ቀዩን ጨርቅ በክንዱ አሰርክለት፤ ብስክሌቷን ሰጠኸው። ቁመታችሁም አነዳዳችሁም አንድ ነው። "ለቡ ኬላ ስትደርስ ፍሬን እንዳትነካ። እንደ እኔ ግራ እጅህን ብቻ አንሣ" አልከው። እሱ እያለቀሰ እንቢ ሲልህ ተቆጥተህ አስወጣኸው። አንተ ከባሕር ዛፉ ውስጥ ቆመህ በሩቅ ትመለከት ነበር። ጥበቃዎቹ ዝናቡን ሸሽተው ከቆርቆሮው ሥር እንደተኮለኮሉ ነው፤ አንደኛው እጁን አነሣለት፤ ሙዘይንም አነሣ፤ አለፈ። እንደዚያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም አልከኝ።

በእግርህ፣ በጭቃው፣ በሸሚዝ ብቻ ተመለስክ። "ቀሙኝ ማለት አለብኝ" አልክ። ከጓሮ ድንጋይ አምጥተህ በእጄ አስያዝከኝ።

"እኔ ራሴን ብመታ እጄ ይራራል፤ ይታወቅብኛል። አንቺ ምቺኝ።"

"አልችልም፣ ደምስዬ።"

"አስካለ፣ ዝናቡ ሳያባራ።"

መታሁህ። መጀመሪያ ቀስ አድርጌ ነበር፤ "እንደሱ አይደለም" አልከኝ። ሁለተኛውን ዓይኔን ጨፍኜ ሰነዘርኩ። ከቅንድብህ በላይ ተተረተረ። ደሙ ከዝናቡ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ በአገጭህ ሲወርድ አንተ ግድግዳውን ተደግፈህ ፈገግ አልክ። "ጎበዝ" አልከኝ። ያቺን "ጎበዝ" እስከ ዛሬ የማደርግበት አጣሁላት።

እንደዚያው እየደማህ ቀበሌ ሄድክ፤ ሙዘይን ቤት ሳልደርስ መንገድ ላይ ሰዎች ደብድበው ብስክሌቷንና ካፖርቴን ወሰዱብኝ አልክ። አቆዩህ፤ ጠየቁህ፤ ቁስልህን አዩ። የኬላው ጥበቃዎች ሳናቆመው አለፈ ቢሉ ለራሳቸው ስለሚያሰጋቸው ማንንም አላየንም አሉ። ለቀቁህ። ከዚያ በእግርህ ሥራ መሄድ ጀመርክ። እግርህ መሬት አልለመደም ነበርና ማታ ማታ ሞቅ ባለ ውሃ አጥብልህ ነበር። ስለ ሙዘይን ግን አናነሣም። ውሻ ሲጮህ ሁለታችንም እንቆማለን፤ ዝም ሲል እንቀመጣለን። መስከረም እንዲህ አለፈ።

ጥቅምት ላይ ከጥበቃዎቹ አንዱ ከጓደኞቹ ተጣልቶ፣ ያን ቀን ደምሴ በኬላው ሲያልፍ እጅ አንሥተንለታል ብሎ ተናገረ። ጓድ ንጉሤ ደግሞ ሞኝ አልነበረም። በዚያው ቀን አንተ በደምህ ተነክረህ፣ ያለ ብስክሌት ፊቱ ቆመህ እንደነበር፣ ሙዘይንም ከዚያ ወዲህ እንዳልታየ ያስታውሳል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ምሳ እየበላን ነበር። የብስክሌት ጎማ በራችን ላይ ሲቆም ሰማን። አዲሱ መልእክተኛ በሩን ሳያልፍ፣ መሬት መሬት እያየ፣ "ጓድ ደምሴ፣ ቀበሌ ትፈለጋለህ" አለ። አንተ ተነሥተህ እጅህን ታጠብክ። ጽጌን ሳምካት። እኔን፣ "አደራሽን" አልከኝ። ከዚያ የሰውዬውን ትከሻ መታ አድርገህ፣ "ገብቶኛል ወንድሜ፣ አይዞህ" አልከው። 

ምሳ ዕቃ ይዤ ተመላለስኩ። አንድ ማክሰኞ ዘበኛው ሳይከፍተው መለሰልኝና፣ "ከእንግዲህ አታምጪ" አለኝ።

ሬሳህን አልሰጡኝም። ለቅሶ ክልክል ነው፣ ጥቁር የለበሰ ይጠየቃል ተባለ። የሠፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ ወንፊት አውሺኝ፣ ምጣድ አውሺኝ እያሉ መጡ። ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ድምፅ ሳያሰሙ ያለቅሳሉ፤ ወንፊቱን ይዘው ይወጣሉ። በመጨረሻ እትዬ ብርቄ መጡ። እጄን ይዘው፣ "ልጄን የጠራው እሱ ነው። ያንን አልረሳውም። ልጅሽን ግን አብረን እናሳድጋታለን" አሉኝ። ቃላቸውንም ጠበቁ።

ሳትሰማው የሄድከው አንድ ነገር አለ። በሁለተኛው ዓመት ከቡታጅራ በኩል የመጣ የበርበሬ ነጋዴ ሲሰፍርልኝ ጎንበስ ብሎ፣ "ልጁ ደርሷል፤ ድንበሩን ተሻግሯል" አለኝና መስፈሩን ቀጠለ። ስም አልጠራም። እኔም አልጠየቅሁትም። ቤት ገብቼ ግን "አለፈ፣ ደምስዬ" ብዬ ለግድግዳው ነገርኩት።

ጓድ ንጉሤም አልሰነበተም። የራሱ አለቆች በላንድሮቨር መጥተው ወሰዱት። ሚስቱን ሳህን ይዛ ሳያት ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም።

አሁን ይህን የምጽፍልህ በጽጌ ምክንያት ነው። ቀበሌ ታስሮ ሳለ በበሽታ ሞተ ብያት ነው ያደገችው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጦ፣ "አባትሽ የቀበሌ ጆሮ ነበር አሉኝ" አለች። አፌን በእጄ ያዝኩ። ቤት ውስጥ አይወራምና ይዣት ወደ ገብሱ ማሳ ወጣሁ። እዚያ ሁሉንም ነገርኳት። የጠራሃቸውንም ሰዎች አልደበቅኳትም፤ የእትዬ ብርቄንም ልጅ፤ ድንጋዩንም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ታዲያ ለምን ጥቁር አልለበስንም?"

"ክልክል ነበር።"

"አሁንስ?"

ከማሳው ስንመለስ ጥቁር ቀለም ገዛሁ።

ሁለት ቀሚሶች ነከርንበት። ሲደርቁ ለብሰናቸው ነጠላችንን ለሐዘን አዘቅዝቀን ለሳሙና ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆምን።  ጠመንጃ የያዘው ጥበቃ መጥቶ ከላይ እስከ ታች አየን።

"ማን ሞቶባችሁ ነው?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ጽጌ ቀደመችኝ፤ "አባቴ። ደምሴ።"

"መቼ?"

"እናንተ ታውቁታላችሁ" አለችው።

 ያኔ እትዬ ብርቄ ከሰልፉ ወጡ። አጠገባችን መጥተው ቆሙና በዚያ በደከመ ድምፃቸው "ወዮ ልጄን! ወዮ ደምሴን!" ብለው ጮኹ። ከኋላቸው አንዷ ቀጠለች፤ ከዚያ ሌላዋ። የሰባት ዓመት ለቅሶ በቀን ብርሃን፣ በቀበሌው ደጅ ወጣ። ጥበቃው አላስቆመንም። ወደ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ስልክ ሲያዞር በመስኮቱ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም። ቢመጡም እኔና ልጅህ ተነጋግረናል። ጥቁሩን አናወልቅም፤ ቢጠሩንም ለብሰነው እንሄዳለን። ስምህንም ከእንግዲህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አልጠራውም።

ያንተው አስካለ