ለሽማግሌዎቹ ሦስት ወንበር

ሐሙስ

እሑድ ነው የሚመጡት። ዛሬ ሐሙስ ነው! ዳኛቸው በስልክ እየሳቀ ነገረኝ፤ እኔ ዞር ብዬ ቤታችንን ሳይ ሳቄ ጠፋ። አጎቱ ከድብ ባሕር ድረስ መጥተው፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው፣ ከቅዳሴ በኋላ እኔን ለዳኛቸው ሊጠይቁ ይመጣሉ። መቀመጫ ግን የለም። ወንበርስ አራት አለን። አንደኛው ላይ የአባቴ መጻሕፍት፣ ሁለተኛው ላይ መጻሕፍት፣ ሦስተኛው ላይ ካባውና መቋሚያው፣ አራተኛው ላይ አባቴ።

ለእሱ መንገር ደግሞ አይሞከርም። ለመሪጌታ አባቷ «ሽማግሌ ሊላክልኝ ነው» የምትል ልጅ በእኛ ሰፈር አልተወለደችም። አምና የመጡትን ሌሎች ሽማግሌዎች በር ላይ እንደቆሙ «ልጄ ገና ናት» ብሎ መልሷቸዋል። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሰውየውን አልፈልገውም ነበር። አሁን ግን ዳኛቸው ነው። እምቢ ካለስ? እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚህ ቤት ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እምቢ ቢልም አልፈርድበትም። ይህን እያሰብኩ መስኮቱን ወለወልኩ።

ዓርብ

ከሥራ በፊት የተሠራ፦ መጋረጃ ታጠበ፤ ውኃው ተራችን ነበር፣ ተመስገን። የሸረሪት ድር ወረደ። ባዶ ጀሪካኖች ጓዳ ገቡ። መጻሕፍቱ ተራግፈው ቁም ሣጥኑ ላይ ተደረደሩ፤ ሁለት ወንበር ተለቀቀ። አምና የጠፋው የአባቴ መነጽርም ከቁም ሣጥኑ ኋላ ተገኘ። ዓመት ሙሉ «የጣልሽው አንቺ ነሽ» ሲለኝ ነበርና ይህ ድል እዚህ ይመዝገብልኝ።

ከምሠራበት ፋርማሲ ስመለስ መጻሕፍቱ ወንበሮቹ ላይ ተመልሰዋል። ያውም በዚያው ቅደም ተከተል። አባቴ ያገኘሁለትን መነጽር እንዳደረገ ቀና ብሎ አየኝና «ምነው፣ ጳጳስ ይመጣል እንዴ?» አለኝ። አቧራው በዛ አልኩት። አቧራውስ እውነትም በዝቷል፤ አልዋሸሁም።

ቅዳሜ

ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ብቅ አሉና ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተው ደነገጡ። በጣም ጸዳ አሉ። የሴት ልጅ ወላጅ ሽማግሌ ሲጠብቅ መታየት የለበትም፤ ልጃቸው ከብዳቸዋለች ያሰኛል። ለሳቸው ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ያጸዳሁትን ማዝረክረክ ጀመርኩ። ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት ከጓዳ አውጥቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሽማግሌ የሚያደናቅፍ መሰለኝና መለስኩት። ያጣጠፍኩትን ጋቢ በተንኩት፤ ደግሞ አጣጠፍኩት። እትዬ ዘነቡ እየሳቁ ጥለውኝ ሄዱ። መጻሕፍቱን ግን እንደገና ማንሳት አልደፈርኩም።

እሑድ

መጡ። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። እኔ ጓዳ ገብቼ መጋረጃው ኋላ ቆምኩ። አባቴ ግቡ አላቸው፤ ገቡ፣ ግን የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት የሚቀመጥ ሽማግሌ የለምና ቆመው ነው የተናገሩት። የዳኛቸው አጎት «መሪጌታ፣ ልጅዎን ለልጃችን ሽተን መጥተናል፤ ልጃችንን ልጅ ያድርጉልን» ሲሉ መጋረጃውን ጨበጥኩ።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ መወልወል ጀመረ። ወልውሎ አልጨርስ አለ። የአምናው ሊደገም ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ራሱ አንድ ወንበር አስለቅቆ ወደ ሁለተኛው ዞሯል። አጎትየው ሊያግዙት እጃቸውን ሲዘረጉ ከለከላቸው። ሦስቱንም ሲጨርስ «ተቀመጡ» አለ። ጓዳ ውስጥ ብቻዬን አፌን ይዤ ዘለልኩ። መልሱን ግን ከዘመድ ልምከር ብሎ ለሁለት ሳምንት ቀጠራቸው።

ከሸኛቸው በኋላ ሳሎን ስወጣ አጣሁት። ክፍሌ ውስጥ ነው፤ ገመድ ይዞ ግድግዳውን ይለካል። ምን እያደረግክ ነው አልኩት።

«መደርደሪያ ላሠራ ነው። ያንቺ ክፍል ብርሃኑ ሸጋ ነው፤ ለመጻሕፍቱ ይሆናል» አለኝ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ለልጁ ግን እንዳትነግሪው። ሁለቱን ሳምንት ይጨነቅ፤ ወጉ ነው።»

ሳቅኩ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። የገመዱን ሌላኛውን ጫፍ ያዥልኝ አለኝ፤ ያዝኩለት።