ጎጆ የቀለሱት ሴሎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ወልድያ

ዓርብ ዕለት ግራና ከምትባለው ከተማ አንድ ሽማግሌ ወደ ላቦራቶሪዬ መጡ። ከሽንት ፊኛቸው ለምርመራ የተቆረጠውን ሥጋ እንዳይበላሽ ፎርማሊን ባለበት ብልቃጥ፣ በሚኒባስ፣ ጉልበታቸው ላይ ይዘው። አምናም እንዲሁ አምጥተውልኝ ነበር።

«ልጄ፣ ከምርመራው የተረፈውን መልሽልኝ። ጎዶሎ ሆኜ አልቀበርም» አሉኝ።

«የአምናውን ምን አደረጉት አባባ?»

«ለመቃብሬ ካሰብኩት ቦታ ቀብሬዋለሁ። ቀድሞኝ ገብቶ ይጠብቀኛል» ብለው ሳቁ።

ከሥጋው ስስ ቁራጭ የተለጠፈበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ዛሬ ማይክሮስኮፕ ሥር አየሁት። ሴሎቹ ትናንሽ ጎጆ ቀልሰው ተቀምጠዋል፤ ጭምት ናቸው፣ ጤነኛ ይመስላሉ። «ካንሰር የለም» ብዬ ልፈርም ብዕር አንስቼ ነበር። ከዚያ ጎጆዎቹ የፊኛው ጡንቻ ውስጥ ድረስ መውረዳቸውን አየሁ። ጤነኛ ሴል እዚያ ድረስ አይወርድም። ብዙ የማይገጥም፣ ጤነኛ መስሎ የሚኖር የካንሰር ዓይነት ነው።

የአምናውን ስላይድ ከመሳቢያ አወጣሁ። እነዚያው ጎጆዎች፣ ያው ጭምትነት። ሪፖርቱ ላይ «ካንሰር የለም» የሚለው የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው።

ነገ ውጤት ሊሰሙ ይመጣሉ። ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ደህና ነው ብዬ የሸኘሁት ካንሰር ግን ይኸው ዓመት ሙሉ መቃብራቸው ውስጥ ሆኖ እየጠበቃቸው ነው።